የተጸለየለት እግር

ልብስ ሰፊው ያልለካውን ነገር አያምንም ነበር። ሜትሩን አንገቱ ላይ እንደ ሹመት ምልክት ጣል አድርጎ፣ «ፈጣሪ አለ የምትሉኝ ከሆነ አንድ ቀን ሱቄ ይምጣና ልኩን ልውሰድ፤ ደረቱን፣ ወገቡን፣ የእጅጌውን ርዝመት ልጻፍ። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው አማኝ እኔ ነኝ» ይላል። ይህንኑ ንግግር በሃያ ዓመት የሙያ ዘመኑ ለሰማው ሁሉ፣ ሰምቶም ለታከተው ሁሉ ሲደግመው ኖሯል። ከሁሉ አብልጦ የሚደግመው ግን ለአማቱ ነው።

አማቱ አጭር ሴት ናቸው፤ ከወለል እስከ ትከሻቸው ድረስ አንድ ሜትር ከሃያ ሰባት ሳንቲም። ልኩን ያወቀው ለገዛ ሠርጉ ቀሚሳቸውን ሲሰፋ ነው። ከዚያ ወዲህ በነበሩት አሥራ ሁለት ዓመታት ይህን ቁጥር ለቁም ነገር ተጠቅሞበት አያውቅም። «እማማ፣ ጸሎትዎ ሰማይ ለመድረስ የሚዘገየው ከታች ስለሚነሳ ነው፤ ወንበር ላይ ቢወጡ ምን አለበት?» ይላቸዋል። እሳቸውም መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው፣ «አንተ ቁልፍህን ትከል» ብለው ያልፉታል። በልቡ ያወጣላቸው ስም «ኮማንደሯ» ነበር፤ ሲጸልዩ ይለምናሉ ከማለት ይልቅ ትእዛዝ ያስተላልፋሉ ማለት ለእውነት ይቀርባልና።

አደጋው የደረሰበት ከጨርቅ አከፋፋዩ መጋዘን ደጃፍ ነው። ግራጫ ሱፍ ሊመርጥ ሄዶ፣ ከጭነት መኪና ላይ የሚወርደውን ጨርቅ በሁለት ጣቱ ቆንጠጥ አደረገና፣ «ይሄ ሱፍ ከሆነማ እኔም በግ ነኝ!» ብሎ ሠራተኞቹን አሳቃቸው። ሠራተኞቹ ሲስቁ እጃቸው ላላ፤ እጃቸው ሲላላ ሰባ ኪሎ የሚመዝነው ጥቅል ሾልኮ ግራ እግሩ ላይ አረፈ። ቅልጥሙ ሁለት ቦታ ተሰበረ፤ አጥንቱም ቆዳውን ቀዶ ወጣ። ጨርቁ፣ በኋላ እንደተረጋገጠው፣ ንጹሕ ሱፍ ነበር።

ሐኪሙ አጥንቱን በብረት አያይዞ፣ ቁስሉን ሰፍቶና አሽጎ፣ ለሁለት ወር ከአልጋ እንዳይወርድ አስጠንቅቆ ወደ ቤቱ ላከው። በዚያው ዕለት የሁለቱንም እግሮቹን ራጅ አንስቶ ስለ ነበር አንድ ነገር ጨመረለት፦ «ደህና ነው የምትለው ቀኙም ቢሆን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ጉልበቱ አልቋል። ሥራህ ምንድን ነው?»

«የልብስ ስፌት መኪና እረግጣለሁ፤ ዶክተር።»

«እንግዲህ መኪናው ረግጦሃል።»

እውነት ነው። መኪናው በእግር የሚረገጥ አሮጌ ነበር፤ ሞተር እንዲያስገባለት የመከሩትን ሁሉ «መብራት በጠፋ ቁጥር ሱቅ ዘግቼ ልተኛ?» እያለ መልሷቸዋል። በዚህ ምክንያት ቀኝ ጉልበቱ ከወንበር በተነሳ ቁጥር እንደ አሮጌ በር ይንቋቋ ጀመር፤ ደንበኞች እሱ መነሳቱን የሚያውቁት ሳያዩት በጆሯቸው ነበር። ብርቱው እግሩ ግራው ነበር። ያም ሆኖ ከሆስፒታሉ በር እስከ ታክሲው ድረስ ሚስቱ ትከሻዋን ስታቀርብለት፣ «የሰው ትከሻ አልዋስም» ብሎ በዚያው በሚንቋቋው እግሩ እየዘለለ ሄደ።

ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አልጋው ከግድግዳ ጋር የተጠጋ በመሆኑ፣ ማንም እንዳይነካበት ግራ እግሩን ወደ ግድግዳው አድርጎ ተጋደመ። ቀኙን ጉልበት ደግሞ ሲዘረጋው ስለሚያመው ከሥሩ ትራስ አደረገለት። በላዩ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ለበሰ። ሚስቱ የትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ስለ ሆነች ጧት ትወጣለች፤ እሱ ተነስቶ መክፈት ስለማይችልም በሩን ሳትቆልፍ ትሄዳለች። ኮማንደሯም ይህን በሰሙ በሁለተኛው ቀን የጸሎት ቡድናቸውን ይዘው ገቡ።

በጤናው ጊዜ የጸሎት ሰዎች ሲመጡ መሸሻ ሱቅ ነበረችው። አሁን የሚሸሸው ወደ ግድግዳው ብቻ ነበር። ሦስት ነበሩ፤ አማቱ፣ አንዲት ድምፀ መልካም ዘማሪ፣ እና ጆሯቸው የማይሰማ አንዲት አሮጊት። እኚህን ሦስተኛዋን ገና ከመቀመጣቸው «ጆሮ ዳባ» ብሎ ሰየማቸው፤ አልሰሙትም።

አማቱ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በብርድ ልብሱ ላይ ከፍ ብሎ ጉብታ በሠራው እግር ላይ እጃቸውን ጫኑ። ቀኙ ላይ።

«የቱ ነው እግሩ?» ሲሉ ጮኹ ጆሮ ዳባ።

«ትራስ ያለው ነዋ!» ጮኹ አማቱም። «ትራስ የሚደረገው ለታመመ እግር አይደለም እንዴ?»

ልብስ ሰፊው ሊያርማቸው አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ምርጥ አጋጣሚ ገጥሞት አያውቅም ነበር። እግዚአብሔር ካለ፣ የትኛው እግር እንደተሰበረ ያውቃል፤ ከሌለም የሚጎድል ነገር የለም። እሱ ግን አንድ ቀን በሁለት እግሩ ቆሞ፣ ሦስቱንም ሴቶች በአንድ ረድፍ አስቀምጦ፣ «እመቤቶቼ፣ ያዳነኝ ሐኪሙ ነው፤ እናንተ የጸለያችሁት ለጎረቤቱ እግር ነው» ይላቸዋል። ይህችን ቀን እያሰበ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሳበ፤ እንዳይስቅ።

«ይህን እግር ታያለህ!» አሉ አማቱ ለፈጣሪ፣ መንገድ እንደ ሳተ ነጂ ምልክት እያሳዩት። «ይህን ጉልበት፣ ይህን ጅማት፣ ይህን ቅልጥም አጽናልኝ! ዛሬ ነው የምልህ፤ ነገ አላልኩም!»

«አሜን» አለ ልብስ ሰፊው፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከሳቅ የተነሳ እንባ በዓይኑ ሞልቶ። አማቱ እንባውን አይተው ልባቸው ተነካ።

ሴቶቹ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ማክሰኞና ዓርብ ረፋድ ላይ፣ ሳያጓድሉ መጡ። ስህተቱን ማንም አላስተዋለም። ሚስቱም ከእናቷ ጋር ስታወራ «እግሩ እንዴት አደረ» ይባባላሉ እንጂ «ግራ እግሩ» አትልም፤ ማንስ ይላል? ቀልዱን ለማንም ሳይናገር እንደ ውድ ጨርቅ አጥፎ ለታላቁ ቀን አስቀመጠው። በአምስተኛው ሳምንት ቀኝ ጉልበቱን ሲያጥፍና ሲዘረጋ የተለመደው መንቋቋት እንደጠፋ ልብ አለ። «ዕረፍት ነው» ብሎ ራሱን አስረዳ፤ ጉዳዩም በዚሁ ተዘጋ።

ያልተዘጋው የግራው ነበር። አንድ ጧት ከብርድ ልብሱ ሥር አንድ ሽታ ወጣ። ልብስ ሰፊው አፍንጫውን አዞረ። «የመድኃኒቱ ነው» አላት ሚስቱን፤ ፋሻውን ልትቀይርለት ስትልም «ነገ» አላት፤ በነጋውም «ነገ» አላት። ዓርብ ዕለት ሴቶቹ ሲመጡ ግንባሩ በትኩሳት ይነድ ነበር። አማቱ አየሩን አሽተት አድርገው መስኮቱን ወለል አድርገው ከፈቱና ቀኙን እግር መባረክ ቀጠሉ። እሑድ ግን ሚስቱ ሳታስፈቅደው ብርድ ልብሱን ገፈፈች። ፋሻውን ፈታችና ነጠላዋን አንስታ ወደ ሆስፒታል የሚወስድ ታክሲ ልትጠራ ሮጠች። ያስፈራው ሩጫዋ ነበር።

ሐኪሙ ነገሩን አላድበሰበሰበትም። «ቁስሉ አመርቅዞ አጥንቱ ውስጥ ገብቷል። ከጉልበት በታች ይቆረጣል፤ ሐሙስ። ከዘገየን የምናጣው እግሩን ብቻ አይሆንም።»

ልብስ ሰፊው ቀልድ ፈለገ፤ እጁ የለመደውን መቀስ ከተለመደው ቦታ እንደሚፈልግ። አጣ። «ከዚያስ፣ ዶክተር? መኪናዬን እረግጣለሁ?»

«ከዚያ በኋላ የሚሸከምህ ቀኙ ብቻ ነው። የቀኙን ጉልበት ደግሞ አይቼዋለሁ። ከያዘህ ትቆማለህ፤ መርገጡንም ትሞክራለህ። ካልያዘህ ተሽከርካሪ ወንበር ነው።»

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አማቱ ብቻቸውን ወደ ሆስፒታሉ መጡ። ከአልጋው አጠገብ ያለችው ወንበር ከፍ ያለች ስለ ነበረች ሲቀመጡ እግራቸው ወለሉን አልነካም። በሌላ ቀን ቢሆን ለአንድ ሳምንት የሚበቃ ወሬ ይወጣው ነበር።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ። ግን አይቆጡ።»

«እኔ እንደሆን ካወቅሁህ ጀምሮ እንደ ተቆጣሁ ነኝ። ቀጥል።»

«የጸለያችሁለት እግር … ደህናው ነው።»

«እንዴት ነው ደህናው?»

«ቀኙ ነው። የተሰበረው ግራው ነበር። ከመጀመሪያው ቀን አውቄያለሁ፤ ዝም አልኩ። ስድን በፊታችሁ ቆሜ ልስቅባችሁ።»

አማቱ መነጽራቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉ። ከዚያም በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። «አሥራ አንድ ጊዜ!» አሉ በመጨረሻ፤ ከወዲያኛው አልጋ የተኛው በሽተኛ እስኪዞር ድረስ። «አሥራ አንድ ጊዜ! በዚህ ቁርጥማቴ! ያችን የማትሰማ ሴት ሦስት ፎቅ እየጎተትኩ!» ቦርሳቸውን አንስተው ትከሻውን መቱት፤ ደገሙትና በሦስተኛው አየር ላይ ተዉት፤ ምክንያቱም ልብስ ሰፊው ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ነበር።

«ብነግራችሁ ኖሮ ይድን ነበር?» አለ ከእጁ ሥር። «እውነቱን ይንገሩኝ፤ እማማ። በገዛ ቀልዴ ነው የቆረጥኩት?»

ለሁሉም ነገር መልስ የማያጡት ሴት ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ። «አላውቅም» አሉ። «አውቃለሁ ብልህ እዋሽሃለሁ። አንተ ደበቅህ፤ እኔስ? ስድስት ሳምንት ሙሉ ‹ይህን እግር፣ ይህን እግር› እያልኩ ስጮኽ አንድ ቀን እንኳ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጌ አላየሁም። ዓርብ ዕለት እኮ ሸቶኛል። ሸቶኝ መስኮት ከፈትኩ።» አፍንጫቸውን በመሐረባቸው ጠረጉ። «በል፣ አሳየኝ።»

«ደስ አይልም፤ እማማ።»

«ደስ እንዲለኝ አልመጣሁም።»

ገለጠላቸው። ፊታቸውን አላዞሩም። ከወንበሩ ወርደው ከጉልበቱ በታች፣ ፋሻው በረጠበበት ላይ፣ ባዶ እጃቸውን አኖሩ። ልብስ ሰፊው ትእዛዙን ጠበቀ። ትእዛዝ አልመጣም።

«ይጸልዩ እንጂ» አለ።

«ዛሬ ተራው ያንተ ነው።»

«እኔ እንዴት ብዬ? ባለሙያዋ እርስዎ አይደሉ እንዴ?»

«ባለሙያዋ እግር ተሳስታለች» አሉ አማቱ። «አንተ በለው።»

ልብስ ሰፊው ጣሪያውን አየ። ጣሪያው ላይ የውሃ ነጠብጣብ ቢጫ ቅርጽ ሠርቷል፤ እጅጌው ያልተመጣጠነ ኮት ይመስላል። «ጌታዬ» አለ፤ ቃሉ አፉ ውስጥ እንደ ሌላ ሰው ጥርስ ተሰማው። «ቀልዴ አለቀብኝ። ሌላ የያዝኩት ነገር የለም። ነገ ይቆርጡኛል፤ እፈራለሁ። ስሰድብህ ሰምተህ ከሆነ አሁንም ስማኝ። እኔ ራሴን መያዝ አልቻልኩም፤ ያዘኝ።»

ሌላ የሚጨምረው ቢፈልግ አላገኘም። «ይኸው ነው» አለ።

«አሜን በል።»

«እርስዎ ይበሉልኝ።»

አማቱ አሜን አሉለት። በክፍሉ ውስጥ ምንም አልተለወጠም፤ ሽታውም አልጠፋም። ልብስ ሰፊው ግን ከስድስት ሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚደብቀው ነገር አልነበረውም፤ ሰባ ኪሎው ጥቅል ከእግሩ ላይ የተነሳው ገና አሁን መሰለው። በማግሥቱ ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ሲገፉት ፈራ። ነገር ግን ሲፈራ ብቻውን አልነበረም፤ ይህን ለማንም ማስረዳት አይችልም ነበር፤ በሜትር የሚለካ አልነበረምና።

እግሩን ቆረጡት።

በስድስተኛው ቀን አንዲት ጠንካራ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በሁለት አግዳሚ ብረቶች መካከል አቆመችው። «ክብደትህን በሙሉ በቀኙ ላይ ልቀቀው» አለችው። ልብስ ሰፊው ጥርሱን ነክሶ መንቋቋቱን ጠበቀ፤ ከመንቋቋቱም ቀጥሎ ወለሉን። ጉልበቱ ተንቀጠቀጠ። ድምፅ ግን አላወጣም። አሥር ቆጠረች፤ ሃያ ቆጠረች። ቆሞ ነበር።

ያኔ ነገሩ መጣበት። ይህን እግር፣ ይህን ጉልበት፣ ይህን ጅማት። አሥራ አንድ ጊዜ። እሱ ከብርድ ልብስ ሥር ሲስቅ፣ ሦስቱ ሴቶች አሁን የቆመበትን ብቸኛ ነገር ሲያጸኑለት ነበር የከረሙት። ባለሙያዋ «ምን ያስቅሃል? ደግሞስ ምን ያስለቅስሃል?» ብትለው ብረቱን ጥብቅ አድርጎ ይዞ፣ «አንዱን ምረጪና እሱን ልተውልሽ» አላት።

ሐኪሙ ሲሰማ «የስድስት ሳምንት ዕረፍት ጠቅሞታል» አለ። ልብስ ሰፊው አልተከራከረም፤ ይህን ማብራሪያ ራሱ በአምስተኛው ሳምንት ሰጥቶት ነበርና። ጉልበቱ ባይይዘውም ኖሮ ያ የረቡዕ ጸሎት ጸሎት ነበር፤ ይህን ያውቃል። ደግሞም ሰላማዊ አማኝ አልሆነም። በየቀኑ ይጣላል። «ቀኙን የሰማህ ግራውን መስማት ምን ከበደህ? አድራሻ እስኪጻፍልህ ነው የምትጠብቀው?» ይላል። መልስ አላገኘም። ሆኖም አንድ ቀን እንዲሁ ሲነታረክ ቆየና አንድ ነገር ገባው፤ ከሌለ ሰው ጋር እንዲህ አይጣሉም።

ወደ ሱቁ የተመለሰው ከሁለት ወር በኋላ፣ አንድ ማክሰኞ ጧት ነው። ከቤቱ ሲወርድ ምርኩዙ ደረጃው ላይ አዳለጠውና መደገፊያውን ብረት ይዞ ቀረ። ሚስቱ ከላይ እየሮጠች ሳለ አማቱ ከሥር ሆነው፣ «ና፣ እዚህ ላይ» ብለው ትከሻቸውን አስጠጉ። «የሰው ትከሻ» ብሎ ጀመረ፤ አልጨረሰውም። ብብቱን አኖረበት። ልክ ገጠመ። አንድ ሜትር ከሃያ ሰባት፤ ከምርኩዙ ጋር በሳንቲም እንኳ አይለያይም።

«እማማ፣ ቁመትዎ ለምን እንደዚህ እንደተቆረጠ አሁን ገባኝ።»

«አንተ ወደፊት እያየህ ውረድ። ልጥልህ እችላለሁ።»

ሱቁ ውስጥ የጨርቅ አከፋፋዩ የላከው ግራጫ ሱፍ ተጠቅልሎ ይጠብቀው ነበር። ከእሱ ለራሱ ሱሪ ቆርጦ፣ ግራውን እግር ከጉልበት በታች አሳጠረው። ከግራ እግሩ የተረፈውን በርጩማ ላይ ባለ ትራስ አሳርፎ፣ ቀኙን መርገጫው ላይ አኖረ። በሁለት እግር የለመደ መርገጫ በአንድ እግር ሲረገጥ ያኮርፋል፤ መዘውሩ ወደፊት መዞሩን ትቶ ወደ ኋላ ዞረና ክሩን በጠሰው። ክሩን ሰካ፤ ረገጠ፤ በጠሰው። በሦስተኛውም በጠሰው። ሚስቱ ሞተር ስለማስገባት አንድ ቃል ልትናገር ስትል በዓይኑ አስቆማት። ከዚያም ወደ መኪናው ጎንበስ ብሎ፣ «ጌታዬ» አለ በለሆሳስ፤ «እኔ እረግጣለሁ፤ አንተ ወደፊት በለው።» መዘውሩን በእጁ ሳብ አድርጎ አስነሳውና ጉልበቱን ተማምኖ ጫነው። መርፌው ወረደ፤ ወጣ፤ ወረደ። ክሩ አልተበጠሰም። ስፌቱ ትንሽ ጠመም ብሏል፤ ድሮ ቢሆን ይፈታው ነበር። አልፈታውም።

ረፋድ ላይ ዘማሪዋና ጆሮ ዳባ ደረሱ፤ ማክሰኞ ነውና። ታሪኩን ሰምተዋል፤ ጆሮ ዳባም ቢሆኑ ሦስት ጊዜ ተጮኾላቸው ሰምተዋል።

«ዛሬስ የቱ ነው?» ሲሉ ጮኹ።

«ትራስ ያለው ነዋ!» ጮኸ ልብስ ሰፊው።

አማቱ ግን በልማድ ዓይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን ቀኙ ላይ ሰነዘሩ። ልብስ ሰፊው መርገጡን አቆመ። እጃቸውን ይዞ ቀስ ብሎ ወሰደውና የለበሰው ሱሪ ታጥፎ የተሰፋበት ጫፍ ላይ፣ ከዚያም ከጫፉ አልፎ፣ ምንም በሌለበት ባዶ አየር ላይ አኖረው።

«እዚህ ጋ ነው የሚያመኝ» አላቸው። «ጣቶቹ። ሌሊትም ቀንም።»

አማቱ ዓይናቸውን ገለጡ። «የሌለ እግር እንዴት ያማል?»

«እንጃ፤ እማማ። ልኩን ልወስድ ብሞክር አልያዝ አለኝ።»

አማቱ በዚህ ጊዜ ትእዛዝ አልሰጡም። እጃቸውን ከባዶው አየር ላይ ሳያነሱ፣ ቀስ ብለው፣ እየጠየቁ ጸለዩ። ልብስ ሰፊውም አሜን ለማለት ማንንም አልጠበቀም።